የካቸር አሮጌ ዕቃ ለዳኛ አይሆንም

ግልጽ ደብዳቤ ለአማተር ቤዝቦል ሊግ አስተዳዳሪዎችና ዳኞችን ለሚመድቡ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ የሊግ ኃላፊዎች፣

በብዙ አማተር ሊጎች ዕቃ ቤት ውስጥ «የዳኛ ቦርሳ» የሚባል አለ። ሲከፈት አንድ ማስክ፣ አንድ የደረት መከላከያና አንድ ጥንድ የቅልጥም መከላከያ ይወጣል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ካቸሮች፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆነው ኳስ የሚይዙ ተጫዋቾች፣ ሲጠቀሙበት ቆይተው አዲስ ሲገዛላቸው የተረፈ ነው። ረጅሙም አጭሩም፣ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም የሃምሳ ዓመት ሰውም ያንኑ ቦርሳ በየተራ ያነሳል።

የምጠይቃችሁ ይህ አሠራር እንዲቀር ነው። ከሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ ከሚቆመው የመሬት ሰሌዳ) ጀርባ የሚቆም ሰው ለዳኛ ተብሎ የተሠራ፣ በልኩ የሆነ ዕቃ ይልበስ። ወጪውን ቢያንስ ለጀማሪዎቹ ሊጉ ይሸከም።

ደብዳቤው ጨዋታውን በቅርብ የማያውቅ ሰው እጅም ሊገባ ስለሚችል ቦታውን ላስረዳ። ኳስ ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ በአዋቂዎች ጨዋታ ከፕሌቱ 18.44 ሜትር ርቆ ይቆማል። መቺው ዱላውን ይዞ ከፕሌቱ ጎን ነው። ካቸሩ ከኋላ ቁጢጥ ይላል። ዳኛው ደግሞ ከካቸሩ ጀርባ፣ በካቸሩና በመቺው መካከል ባለችው ክፍተት በኩል ጎንበስ ብሎ ኳሱን ያያል። ኳሱ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል። ውስጡ ቡሽና ጎማ፣ በላዩ ጥብቅ ብሎ የተጠመጠመ ክር፣ ከዚያ ቆዳ ነው። በእጅ ሲይዙት ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ዳኛን የሚመታው ብዙውን ጊዜ የዱላውን ጠርዝ ጫር አድርጎ የሚያልፍ ኳስ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኳስ ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም። አቅጣጫው ግን ይለወጣል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ኳስ ከዱላው እስከ ዳኛው ፊት ያለውን ሁለት ሜትር ገደማ ለመጨረስ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። የሰው ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አይቶ ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጎበዝም ሆነ ፈጣን ዳኛ ኳሷን አይሸሻትም። ያን ሰዓት የሚያድነው የለበሰው ነገር ብቻ ነው።

«የኛ ልጆች እኮ እንደ ፕሮፌሽናሎቹ አይወረውሩም» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አይወረውሩም። ግን ሌላውን ጎን እንየው። የፕሮፌሽናል ካቸር ከዳኛው ፊት የቆመ ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል። በአማተር ጨዋታ ግን ካቸሩ ገና እየተማረ ያለ ልጅ ነው። ኳስ ያመልጠዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጓንቱን ያዘገያል። እሱ ያልያዘው ኳስ ሁሉ ወደ ዳኛው ነው የሚሄደው። በአሜሪካው ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ እንኳን ይህ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሎስ አንጀለሱ ዶጀር ስታዲየም ካቸሩና ፒቸሩ በምልክት ሳይግባቡ ቀርተው፣ ካቸሩ ያልጠበቀው ፈጣን ኳስ ዳኛ ከርዊን ዳንሊን መንጋጋው ላይ መታው። ማስክ ለብሶ ነበር። ከሜዳ የወጣው በቃሬዛ ነው። በዓለም ምርጥ ከሚባሉ ካቸሮች ጀርባ ይህ ከሆነ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ካቸር ጀርባ ለሚቆም ሰው ምን ማልበስ እንዳለብን መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ቦርሳው ልግባ። የካቸር ዕቃ መጥፎ አይደለም። የተሠራው ግን ለሌላ ሥራ ነው። የካቸር የደረት መከላከያ ቁጢጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ልክ የተቆረጠ ነው። ኳሱ ሲመታው ብዙ ሳይነጥር እዚያው ከፊቱ እንዲወድቅም ይፈለጋል፣ ካቸሩ ኳሱን ማንሳት አለበትና። ስለዚህ ለስለስ ይላል። ዳኛው ኳስ የማንሳት ሥራ የለበትም። እሱ የሚፈልገው ግጭቱን በሰፊው የሚበትን ደረቅ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ፣ ከላይ ደግሞ ትከሻውንና የአንገቱን ሥር አጥንት የሚሸፍን ነገር ነው። ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ መሆኑም አለ። የካቸሩን ዕቃ ከሸሚዝ ሥር ያደረገ ሰው ወይ ይጨናነቃል ወይ ሸሚዙ አይቆለፍለትም። በዚህ የተነሳ ማሰሪያውን ያላላና ዕቃው ወደ ሆዱ ይወርዳል።

ይህን በዓይኔ ያየሁበት ቀን አለ። አንድ ሊግ ውስጥ አብራኝ የተመደበች ታዳጊ ዳኛ ቦርሳውን ተቀብላ ለባብሳ መጣች። የደረት መከላከያው የትከሻ ላስቲክ ሞቷል። አንዱ ዘለበት ስለተሰበረ ማሰሪያው በቋጠሮ ነበር የተያዘው። ቀጥ ብላ ስትቆም ደህና ይመስላል። ጎንበስ ስትል ግን ዕቃው ተንሸራትቶ ይወርድና የአንገቷ ሥር አጥንት ከግራ እስከ ቀኝ ባዶውን ይቀራል። ቋጠሮውን ፈትቼ ወደ ላይ ልስበው ሞከርኩ፣ የሚይዝ ነገር የለውም። ቦታ ተቀያየርን፣ እኔ ከፕሌት ጀርባ፣ እሷ ሯጮች በሚረግጧቸው ቤዞች በኩል። ኃላፊውን ሳናግረው «ሁልጊዜ የምንጠቀምበት እኮ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ዕቃው ሰው ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል አይቶ ስለማያውቅ ነው። እንግዲህ ሌላው ቢቀር እሱን እንኳን አድርጉ። ዳኛው ዕቃውን ለብሶ፣ ኳስ እንደሚያይ ጎንበስ ብሎ ሳለ እዩት።

ማስክን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ዳኞች በጣም የምንከራከርበት እሱ ነውና። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፊት ላይ ብቻ የሚታሰረው ባለ ብረት ፍርግርግ የድሮው ማስክ ነው። የሃርቫርዱ ፍሬድ ታየር እ.ኤ.አ. በ1878 የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጀምሮ ሐሳቡ ብዙም አልተለወጠም። ሌላው በሆኪ ግብ ጠባቂዎች አምሳያ የተሠራው፣ ጭንቅላትን ዙሪያውን የሚሸፍነው ሄልሜት ነው።

የድሮውን የሚወዱ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ ኳስ ሽቅብ ስትወጣ በአንድ እጅ መንጭቀህ ታወልቀዋለህ። ኳስ በጎን ሲመታውም ራሱ ዞር ይላል፣ አንዳንዴም ከፊት ላይ ተፈናጥሮ ይወድቃል። ይህ ጉድለት ይመስላል። ነገር ግን ማስኩ የሚዞርበት ኃይል ወደ አንገትና ወደ አንጎል ያልሄደ ኃይል ነው። የሄልሜቱ ወዳጆች ደግሞ ጆሮንና የራስ ቅልን ጎን ያነሳሉ። መቺው ዱላውን በኃይል አሽከርክሮ ሲጨርስ ጫፉ ወደ ኋላ ይመጣል። ወደ ኋላ ሰፋ አድርገው የሚያሽከረክሩ ልጆች ባሉበት ጨዋታ ይህ የእውነት አደጋ ነው። የድሮው ማስክ ለዚህ ምንም አያደርግም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ለታዳጊ ዳኞችና በታዳጊዎች ጨዋታ ፕሌት ለሚይዙ ሄልሜቱን እመርጣለሁ። ጀማሪ ዳኛ ኳስ ሲመጣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ልምዱ እስኪለቀው ድረስ ጆሮው የተሸፈነ ቢሆን ይሻላል። ልምድ ያለው፣ ፊቱን ቀጥ አድርጎ የሚጠብቅ ዳኛ ጥሩ ትራስ ያለው የድሮ ማስክ ቢመርጥ ግን አልከራከረውም። ከሁለቱም የከፋው በልኩ ያልሆነ ሄልሜት ነው። ሰፊ ሆኖ የሚዋልል ሄልሜት ኳስ ሲመታው ተወዛውዞ ራሱ ጭንቅላትን ይመታል።

ቲታኒየም ልግዛ ወይስ ብረት የሚለው ጥያቄ ብዙ ጀማሪዎችን ያስጨንቃል። ቲታኒየም ውድ ነው፣ ቀላልም ነው። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሦስት ጨዋታ ለሚዳኝ ሰው አንገቱ ያመሰግነዋል። ከበድ ያለው ብረት ደግሞ ኳሱ ሲመታው በቀላሉ አይገፋም፣ ስለዚህ ፊታችን ላይ የሚደርሰው ግፊት ያንሳል። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ግን ለብረቱ ዓይነት አትጨነቁ፣ ትራሱ ላይ አውጡት። ትራሱን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ተጭኖ ከቀረ፣ ወይም ደርቆ አልጫን ካለ፣ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ትራስ ብቻውን ይገዛል፣ ከሙሉ ማስክም በጣም ይረክሳል። ፍርግርጉ የታጠፈ ወይም ብየዳው የተላቀቀ ማስክ ግን ይጣል። በመዶሻ አቃንቶ መልሶ ማልበስ አይገባም፣ አንዴ የታጠፈ ብረት ሁለተኛ እንደ በፊቱ አይችልም።

ማሰሪያው እንዴት እንደሚጠብቅም ለጀማሪ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። አዲስ ዳኛ ሲፈራ ማሰሪያውን እስኪያመው ያጠብቃል። ማስኩ ከፊት ጋር ተጣብቆ ሲቀር ግን የመዞር ጥቅሙ ይጠፋል። ግንባርና አገጭ ላይ ረጋ ብሎ የሚቀመጥ፣ ራስ ሲነቀነቅ የማይዋልል፣ ሲወልቅ ኮፍያውን ይዞት የማይሄድ፣ እሱ ነው ልኩ።

ጉሮሮ። እ.ኤ.አ. በ1976 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ካቸር ስቲቭ ዬገር ተራውን እየጠበቀ ቆሞ ሳለ የጓደኛው ዱላ ተሰባብሮ ስንጣሪው ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ከማስክ ሥር የሚንጠለጠለው የጉሮሮ መከላከያ የመጣው፣ ዬገርና የቡድኑ ወጌሻ ቢል ቡለር በሠሩት። የልጆችን ቤዝቦል የሚያስተዳድረው ሊትል ሊግ ካቸሮቹ ሁሉ ይህን ተንጠልጣይ ዕቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ናት። ዳኛው ከካቸሩ በላይ ቀና ብሎ ስለሚቆም ጉሮሮው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ማስኩ ወደ ታች የረዘመ ቢሆን እንኳን ሽቅብ ሲታይ ክፍተት ይፈጠራል። ለእያንዳንዱ የዳኛ ማስክ አንዳንድ ግዙ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ የሚያከራክርም አይመስለኝም።

ወደ ደረት ልመለስ። ዛሬ ከሸሚዝ ሥር የምንለብሰው መከላከያ ሁልጊዜ የሁሉም አልነበረም። ትልቁ ሊግ ከሚከፈልባቸው ሁለት ሊጎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ የታዋቂው ዳኛ ቢል ክሌም ስም የሚነሳበት ይህ የውስጥ ዕቃ ቀድሞ ተለምዷል። የሌላው፣ የአሜሪካን ሊግ ዳኞች ግን እንደ ፍራሽ የተነፋ ትልቅ መከላከያ በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ይደግኑ ነበር። አዲስ የሚገቡት ወደ ውስጡ እንዲዞሩ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የመጨረሻው የፍራሹ ተጠቃሚ ጄሪ ኑዴከር እስከ 1985 ይዞት ቆይቷል። ትልቁ ፍራሽ የተሻለ ይሸፍን ነበር። ሆኖም ዳኛው ከካቸሩ ራስ በላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያስገድደው ስለነበር ዝቅ ያለውን ኳስ ለማየት ያስቸግረዋል። የውስጡ ዕቃ ዳኛውን ወደ ክፍተቷ ዝቅ እንዲል ፈቀደለት። ይህን ያነሳሁት የምንለብሰው ዕቃ የምንቆምበትንና የምናየውን ጭምር ስለሚወስን ነው። ዕቃውን ያላመነ ዳኛ ሳያስበው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ፍርዱም አብሮ ይበላሻል። ይህንን ለአሠልጣኞችና ለወላጆችም ንገሩልኝ። ስለ ስትራይክና ቦል (ኳሱ መቺው ሊመታው በሚገባው ክልል አለፈ አላለፈም ስለሚለው ፍርድ) የሚጮኹት ነገር ግማሹ እዚህ ላይ መፍትሔ አለው።

የከበደውን ነገር እዚሁ ልጨምር። ኮሞሺዮ ኮርዲስ የሚባል አለ። ኳስ ደረትን በልብ ትክክል፣ በልብ ምት ዑደት ውስጥ በሆነች እጅግ አጭር ቅጽበት ሲመታ፣ ልብ ሥርዓቱን ስቶ መርገብገብ ይጀምራል። አጥንት መሰበር፣ ደም መፍሰስ የለም። ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ይወድቃል። የሚያድነው ወዲያው ደረትን መጫንና የልብ ምት የሚመልሰው ማሽን፣ ዲፊብሪሌተሩ ነው። የስፖርት መከላከያ ዕቃዎችን ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካው ኖክሲ ይህን አደጋ ታሳቢ ያደረገ የደረት መከላከያ መመዘኛ አውጥቷል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ካቸሮች መመዘኛውን ያሟላ ዕቃ እንዲለብሱ ግዴታ ሆኗል። ለካቸሩ ያሰብነውን ከኋላው ለቆመው ለምን አናስብም? አዲስ ስትገዙ ምልክቱን ፈልጉ። ቦርሳው ውስጥ ያለው አሮጌ ዕቃ ይህ መመዘኛ ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ሊሆን እንደሚችልም አስቡ። ማሽኑ ደግሞ ሜዳው አጠገብ፣ ማንም ሊያነሳው በሚችልበት ቦታ ይሁን። ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፍ ያዡን ፍለጋ የሚኬድ ከሆነ የለም ማለት ነው።

የቀረውን ላፋጥን። የቅልጥም መከላከያው የዳኛ ሲሆን ቀጭን ነው፣ ከሱሪ ሥር ይገባል፣ ጉልበትንም የእግርን ጀርባም ይሸፍናል። ጫማ ከጣቱ ላይ ብረት ያለው፣ ከእግር ጀርባም ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን። ዱላ ነክቶ ወደ መሬት የሚወርደው ኳስ እግር ጣት ላይ ነው የሚያርፈው። የብልት መከላከያ ያለ ድርድር ይደረግ። ይህን የጋራ ማድረግ ነውርም ጤና ማጉደልም ስለሆነ ለእያንዳንዱ የየራሱ ይሰጥ። ለሴቶች ዳኞች ለሴት አካል የተቀረጸ የደረት መከላከያ እንዳለ ገዢዎቻችሁ ይወቁ። እጅን በተመለከተ የሚለበስ ነገር የለም፣ አቋቋም ነው። ክንድ ወደ ሰውነት ይሰብሰብ፣ ጣቶች ከካቸሩ ጀርባ ይደበቁ። ይህንን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት የሚያሳይ አንድ ነባር ዳኛ መድቡ።

በቤዝ ላይ ያለው ዳኛ መከላከያ አይለብስም፣ ይልበስም አልልም፣ መሮጥ አለበት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታችኛው ሊግ ቡድን የቱልሳ ድሪለርስ የመጀመሪያ ቤዝ አሠልጣኝ ማይክ ኩልቦ በተመታ ኳስ አንገቱ ላይ ተመትቶ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ነው በትልቁ ሊግ የቤዝ አሠልጣኞች ሄልሜት የለበሱት። እዚያ የቆመ ዳኛ ደክሞት፣ ወይም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ መቆም የለበትም። አንድን ሰው በሙቀት አራት ጨዋታ በተከታታይ አትመድቡ።

በመጨረሻ ገንዘብ የማያስወጣውን ልጠይቅ። ጥሩ ማስክ ፊትን ያድናል። የአንጎል መናወጥን ግን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ማስክ የለም። ተጫዋች ጭንቅላቱን ተመትቶ ከተንገዳገደ የሚያስወጣው ሰው አለ፣ ዳኛው ራሱ ነው። ዳኛው ሲመታስ? ማንም የለም። ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ ቢበዛ ሁለት ናቸው። ጨዋታው በሱ ምክንያት እንዲቋረጥ አይፈልግም። ክፍያውም በጨዋታ ስለሆነ ካቋረጠ እንደሚቀርበት ያስባል። ስለዚህ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ደህና ነኝ» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካን ሊግ ዳኛ የነበረው ካል ድራሞንድ ባልቲሞር ላይ ማስኩን በፋውል፣ ማለትም ዱላ ነክቶት ከመስመር ውጭ በሄደ ኳስ ተመታ፣ ከዚያ ራሱን ስቶ ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ በዲ ሞይን ከተማ በታችኛው ሊግ ወደ ሥራ ለመመለስ በወጣበት ጨዋታ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ሙሉ ዕቃ የለበሰ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ስለዚህ በደንባችሁ ላይ ይህን ጻፉልን። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው፣ ብርሃን ያስጠላው ወይም ቁጥር የተምታታበት ዳኛ ከጨዋታው ይወጣል። እንዲወጣ የመንገር መብት ለባልደረባው፣ ባልደረባ ከሌለ ለሁለቱም አሠልጣኞች ይሰጥ። የቀኑን ክፍያ ሙሉውን ይቀበላል። ሐኪም ሳያየው ለሌላ ጨዋታ አይመደብም። ጨዋታውን የሚጨርስ ሰው ከጠፋ ጨዋታው በሌላ ቀን ይቀጥል።

ወጪውን በተመለከተ እንደማይቀል አውቃለሁ። የሊጎቻችሁ ገቢ ከመዋጮና ከመግቢያ ክፍያ እንደማይዘል፣ ብዙዎቻችሁም በነጻ እንደምትሠሩ አያለሁ። ሁሉም ነገር በአንድ ዓመት ይሁን አላልኩም። ዘንድሮ የጉሮሮ መከላከያና የማስክ ትራስ፣ በመጪው ዓመት በሦስት ልክ የተገዙ የዳኛ የደረት መከላከያዎች፣ ከዚያ ጫማ። ወይም ሊጉ ገዝቶ ለጀማሪው ይስጠውና ከጨዋታ ክፍያው በትንሽ በትንሹ ይቀነስለት፣ ዕቃውም የሱ ይሁን። የራሱ የሆነውን ሰው ይንከባከባል። ከጨዋታ በኋላ አውጥቶ ያናፍሰዋል፣ መኪና ኋላ ላይ ላቡ እንዳለ አይዘጋበትም። የጋራ ቦርሳ ግን የማንም አይደለም።

እናንተም ውድ ባልደረቦቼ፣ ቦርሳው ሲሰጣችሁ ለይሉኝታ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ዘለበቱን እዩ፣ ላስቲኩን ሳቡት፣ ትራሱን ተጫኑት፣ ጎንበስ በሉና የአንገታችሁን ሥር በእጃችሁ ዳብሱ። ባዶ ካገኛችሁት ፕሌት አልይዝም በሉ። መብታችሁ ነው።

የሊግ ኃላፊዎች ሆይ፣ የዘንድሮው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ቦርሳዎቹን ከዕቃ ቤት አውጥታችሁ ከሁለት ነባር ዳኞች ጋር ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ እንድታዩ እጠይቃለሁ። የሚጣለውን እዚያው ለዩት፣ የሚገዛውንም እዚያው ጻፉት። ለዚህ ሥራ ከተጠራሁ እኔም እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፕሌት ጀርባ የሚቆም አንድ አማተር ዳኛ